ማጨድ፣ መመልመል፣ ማበጠር፦ የመቁረጥና የማጽዳት ቃሎቻችን

 በመካነ ሰላም ከተማና በቦረና ቀበሌዎች፣ በወግዲ፣ በከለላ፣ በለጋምቦ፣ በአማራ ሳይንትና በመሐል ሳይንት የምታዳምጡን፣ ከዚያም ወጥታችሁ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ዛሬ የምንነጋገረው በየቀኑ ከአፋችን ስለሚወጡ፣ ግን ቆም ብለን ስለማናስተውላቸው ቃላት ነው፤ ስለ መቁረጥና ስለ ማጽዳት ቃሎቻችን።

ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ «ሣሩን ቆረጠ፣ ዛፉን ቆረጠ፣ ጸጉሩን ቆረጠ፣ ሥጋውን ቆረጠ» ብሎ ይነግረናል። ቤቱንም፣ እህሉንም፣ ጥርሱንም፣ ዶሮውንም «አጸዳ» ይላል። የተናገረው ይገባናል። ይህንኑ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ለአንድ ገበሬ ቢነግረው ግን ገበሬው መልሶ መጠየቁ አይቀርም፦ ዛፉን ቆረጥሁት ስትል ጣልኸው ወይስ መለመልኸው? ሣሩን አጨድኸው ወይስ ነጨኸው? ገበሬው እንዲህ የሚጠይቀው ቃል ለማሳመር ብሎ አይደለም። ስለቱ ካለፈ በኋላ ምን ተርፎ እንደቆየ ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። የእኔም የዛሬ ነገር ይኸው ነው። የመቁረጥ ግሶቻችን አብዛኞቹ የሚነግሩን ምን እንደተረፈ ነው፤ የማጽዳት ግሶቻችን ደግሞ ምን ተለይቶ እንደወጣ ይነግሩናል። ይህን ዕውቀት ሁሉ በሁለት ቃል ጠቅልለን ስንተወው የምናጣው ብዙ ነው።

ትምህርቱን ከዚህ አገር መጀመራችን ተገቢ ነው። በጥንቱ ታሪክ «አማራ» ወይም «ቤተ አማራ» ይባል የነበረው አውራጃ በበሽሎ፣ በዓባይና በወንጭት መካከል የሚገኘው ደጋ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው አብዛኛው እዚያ ውስጥ ይገባል። አማራ ሳይንት ወረዳ ያን ስም እስከ ዛሬ ይዞታል። አማርኛ ከቤተ መንግሥትና ከጋዜጣ በፊት የአራሽና የአጫጅ ቋንቋ ነበር።

እንግዲህ ወደ እርሻው እንውረድ። ገብስና ስንዴ ይታጨዳሉ፤ ጤፍም ይታጨዳል። አጫጁ በግራ እጁ ይጨብጣል፣ በቀኝ እጁ ማጭዱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ጭብጡን ነዶ ያደርገዋል። አጭሩ አገዳ ከነሥሩ እርሻው ላይ ይቀራል፣ ከብትም ይሰማራበታል። አጫጁ ያመለጠውን ዘለላ ደግሞ የቸገረው ሰው ይቃርመዋል፤ ቃርሚያ የሚባለው ይህ ነው። ሽምብራና ምስር ግን ይነቀላሉ፤ ከመሬቱ ላይ የሚተርፍ ነገር የለም። ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርዱ ማሽላ ይቆረጣል። ጓሮ ውስጥ ጎመን ይቀነጠሳል፤ ግንዱ ቆሞ ነገ ሌላ ቅጠል ያወጣል። በርበሬ ይለቀማል። በደጋው በግ ይሸለታል፣ ከሱፉም ባናና በርኖስ ይሠራል፤ በጉ በሕይወቱ ቆይቶ እንደገና ጸጉር ያበቅላል። ያው በግ ከታረደ በኋላ ግን ይገፈፋል። ሸለተና ገፈፈ ሁለቱም ከበጉ ላይ የሚወሰድ ነገርን ይናገራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው። ገፈፈ ከዚያ ወጥቶ ንብረቱን ገፈፉት፣ መብቱን ገፈፉት ስንል የምናዝነው ከቃሉ ውስጥ እርዱ ስለሚሰማን ነው።

ነዶው ተከምሮ፣ አውድማ ላይ ተበራይቶ፣ በመንሽ እየተበተነ ነፋስ ገለባውን ከወሰደው በኋላ ሥራው ወደ ሴቶች እጅ ይገባል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እንበል። ሰፌድ ላይ የሚሠራውን ሥራ ከሩቅ ያየ ሰው አንድ ሥራ ይመስለዋል። ሥራው ሦስት ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ ሰፌዱን በሁለት እጇ ይዛ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፤ እህሉ ይዘላል፣ እብቁ በነፋስ ይሄዳል። ይህ ማበጠር ነው። ቀጥላ ሰፌዱን በክብ ታዞረዋለች፤ ቅርፊቱና ያልተፈለቀቀው ፍሬ ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ እሷም በመዳፏ እየዘገነች ታወጣዋለች። ይህ ማንገዋለል ነው። በመጨረሻ ሰፌዱን አዘንብላ ጠርዙን በጣቶቿ መታ መታ ስታደርገው ፍሬው እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ማንቀርቀብ ነው። የመጀመሪያው በክብደት ይለያል፣ ሁለተኛው በዙረት፣ ሦስተኛው በመንከባለል። ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ይህን ሥራ ክፍል ውስጥ ቢያሳየው ተማሪዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ ቃላት ሁለቱ ከሰፌዱ ወርደው ወደ ሰው ነገር ገብተዋል። ጸጉር በማበጠሪያ ይበጠራል። አንድን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው «አበጥሮ ያውቀዋል» ይባላል፤ እንክርዳዱን ከስንዴው መለየቱን መመስከራችን ነው። ሰውን ከሰው ለይቶ ወደ ዳር መግፋትም ማንጓለል ይባላል፤ ማንገዋለልና ማንጓለል አንድ ቃል ናቸው። ገብስ ደግሞ ሙቀጫ ውስጥ ይፈተጋል። ገላም በደንብ ሲታሽ ይፈተጋል።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ዋናው ቃል፣ ወደ ቆረጠ እንምጣ። የዚህ ቃል ዘመድ ብዙ ነው። አውቶቡስ ስንሳፈር ትኬት እንቆርጣለን። ሽማግሌዎች ለሠርግ ቀን ይቆርጣሉ። ዋጋ ይቆረጣል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል። ልጁ ቁርጥ አባቱን ነው እንላለን። ያዘነ ወይም የተጠራጠረ ሰው «ቁርጡን ንገሩኝ» ይላል። ወደ ኋላ የማይል ሰው ቆራጥ ነው፤ ያልተባለውን ተባለ እያለ የሚያወራ ደግሞ ቆርጦ ቀጥል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ፦ ቆረጠ መጨረሻ ያበጅለታል። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ አይዋልልም፣ ቁርጡ ከታወቀ በኋላ መጠበቅ የለም።

ፈለጠ ከቆረጠ የሚለየው በአቅጣጫ ነው። ምሳር የያዘ ሰው ግንዱን በወርዱ ሲመታ ይቆርጠዋል፣ በቁመቱ ሲመታ ይፈልጠዋል፤ የማገዶ ፍልጥ የምንለውም ለዚህ ነው። ያሻውን የሚያደርግ ገዥ ፈላጭ ቆራጭ የተባለው በቁመትም በወርድም የሚያግደው ስለሌለ ነው ብለን ብንረዳው ትክክል ይመስለኛል። ሕመማችንም ይህን ልዩነት ይዞ ይናገራል። ራሴን ፈለጠኝ እንላለን፣ ሆዴን ቆረጠኝ እንላለን፣ ጎኔን ወጋኝ፣ አጥንቴን ቆረጠመኝ እንላለን። ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ አንዲት እናት «ሆዴን ይቆርጠኛል» ካሉ፣ ሕመሙ መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት መሆኑን እየነገሩ ነው። «ያቃጥለኛል» ቢሉ ሌላ ሕመም ነው። እነዚህን ቃላት ሁሉ «ታምሜያለሁ» በሚል አንድ ቃል የሚመዘግብ ወጣት ባለሙያ፣ ሕመምተኛዋ በራሷ አፍ የሰጠችውን ግማሽ ምርመራ ይጥለዋል። በጤና ሙያ የምታገለግሉ አድማጮቻችን ይህን አስቡበት።

ሌላው ፈለፈለ ነው። በቆሎ ይፈለፈላል፤ ባቄላም እሸቱ ይፈለፈላል። ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች። በሰሜን ወሎ የሚገኙት አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የተመዘገቡት እነሱ ናቸው። ከበቆሎ ቆረቆንዳ እስከ ላሊበላ አንድ ግስ የሚያገለግለው ሥራው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፦ የተያዘውን ከያዘው እያላቀቁ ማውጣት። ድንጋይ ለግንብ ሲስተካከል ግን ይጠረባል፣ በመሮ ምስል ሲወጣበት ይቀረጻል። አሁን የምትሰሙት ድምፅም ተቀርጾ ነው የደረሳችሁ፤ የቀራጺውን ቃል ለሬዲዮ የተዋሱት ሰዎች መልካም አድርገዋል።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ መቁረጥና ማጽዳት ጨርሶ አይለያዩም። ዶሮን ተመልከቱ። ከታረደች በኋላ በፈላ ውሃ ነክረው ላባዋን ይነጯታል፣ የቀረውን ጥቃቅን ጸጉር በእሳት ይለበልቡታል፣ ከዚያ በየመገጣጠሚያዋ ይበልቷታል። መበለት ማለት ብልትን አውቆ መለየት ነው፤ ቢላዋው አጥንት ሳይሰብር መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይገባል። ከአንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣል፤ ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ ክንፉ፣ ቅልጥሙ እያንዳንዱ ስም አለው። ከዚያ እጥበቱ ይመጣል፦ በሎሚና በጨው ታሽታ፣ ውሃው እየተለወጠ፣ የመጨረሻው ውሃ እንደገባ ኩልል ብሎ እስኪወጣ ድረስ። ለዚህ ሁሉ «ዶሮ ቆርጣ አጸዳች» ብሎ ማለፍ የባለሙያዋን ድካም መካድ ነው። የበሬ ሥጋም እንዲሁ ነው፤ በቅርጫ ጊዜ በብልት በብልቱ ይበለታል፣ ለቋንጣ ይዘለዘላል፣ ለክትፎ ይከተፋል። ደነዝ ቢላዋ ይዞ የሚታገል ሰው ግን ሥጋውን ይገዘግዘዋል። መገዝገዝ ወዲያ ወዲህ እያሉ ማሰቃየት ነውና ነገር የሚደጋግም ሰውም ገዘገዘኝ ይባላል።

ውሃ የሚነካው ነገር ሁሉም አይታጠብም። ልብስ ይታጠባል፣ ሲኒ ይለቀለቃል፣ መስተዋት ይወለወላል፣ የምጣድ ጥላሸት ይፈገፈጋል። የወሎ ሙስሊም ለሶላቱ ውዱ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ጸበል ይጠመቃል፤ ሁለቱም ከእድፍ የበለጠ ነገር ያስወግዳሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ታላቅ ቃል አለን፤ ነጻ። ሥሩ የግዕዙ ነጽሐ ነው፣ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት። በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ ስንል፣ ስለ አገር ነጻነት ስንናገር፣ መሠረቱ የመንጻት ቃል ነው። አማርኛ ነጻ ሰው የሚለው እድፍ ያልተጫነበትን ነው፤ ይህን ሳስብ ቋንቋውን ይበልጥ እወደዋለሁ።

አሁን መቁረጥም ማጽዳትም የሆኑትን ቃላት እንይ፤ ለእኔ በጣም የሚከብሩት እነዚህ ናቸው። ፋቀ ከእነሱ አንዱ ነው። ጥርስ በወይራ መፋቂያ ይፋቃል። እንጨት በቢላዋ ይፋቃል፣ ብራና ለጽሕፈት ይፋቃል። በሳይንት ተድባበ ማርያምን በመሰሉ ጥንታዊ ገዳማትና አድባራት ያሉት የብራና መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት በተፋቀ ቆዳ ላይ ነው። ጸሐፊው ሲሳሳትም ፊደሉን ይፍቀዋል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ያህል ለሃይማኖትም ለዕውቀትም ያገለገለው ሥራ ባለሙያውን ሲያሰድበው መኖሩ ነው። «ፋቂ» ተብሎ ቆዳ ሠሪው ከማኅበር ተገልሏል፣ ልጁም በጋብቻ ተንቋል። ቃሉ የከበረ ሆኖ ሳለ ንቀቱን የጨመርንበት እኛ ነን፤ አሁንም የሚጠቀምበት ሰው ካለ ቢተወው መልካም ነው።

መለመለ ሌላው ነው። ዛፍ ሲመለመል ቅርንጫፉ ይወገዳል፣ ግንዱ ቆሞ ይወፍራል። ወታደር ወይም ሠራተኛ ሲመለመል ደግሞ ከብዙ መካከል የሚበጀው ይመረጣል። አረመም እንዲሁ ነው፤ ገበሬ ጤፉን ያርማል፣ መምህር ደብተር ያርማል፣ እስር ቤቱ ማረሚያ ቤት ተብሏል። ማረም ሰብሉን አይነካም፤ ሰብሉ እንዲተነፍስ ያደርጋል። መነጠረ ግን ሌላ ነው። ሲመነጠር የሚቀረው ባዶ መሬት ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ለመካነ ሰላም አካባቢ ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ያለው፣ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረውና ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ደን አስታውን፣ ኮሶውን፣ ወይራውን ይዞ የቆየው በዙሪያው ያሉት ደጋዎች ተመንጥረው ለእርሻ ሲውሉ ነው። ሣር ማጨድ፣ ደረቅ እንጨት መልቀም፣ ቅርንጫፍ መመልመል፣ ዛፍ መጣልና ደን መመንጠር አምስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ደንብ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁሉንም «መቁረጥ ክልክል ነው» በሚል አንድ ቃል ቢያስረው ገበሬውና ጠባቂው የሚጣሉት ገና በቃሉ ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ አባቶች «ቀሮ» በተባለው ሥርዓታቸው ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በአንድ ላይ ከፍተው ያጭዱት ነበር። ከየትኛው ሥራ በኋላ ሣሩ እንደሚያገግም፣ ከየትኛው በኋላ እንደማይመለስ ስለሚያውቁ ነው መሬቱ ለዘመናት የዘለቀላቸው።

ስለ ስለትም አንድ ነገር ልበላችሁ። ቢላዋ ይሳላል፣ ሥዕል ይሳላል፣ ጉንፋን የያዘው ይስላል፣ የቸገረው ለታቦት ይሳላል። በዛሬ አነጋገራችን ሁሉም ተቀራርበዋል። በግዕዝ ግን አራት ቃላት ናቸው፦ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲሆን ሣለ፣ ሥዕል አወጣ፤ በእሳቱ ሰ እና በዐይኑ ዐ የጉሮሮው ሳል፤ በእሳቱ ሰ እና በሐመሩ ሐ ቢላዋ ማሾል፤ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ መለመን፣ ከእሱም ስእለት። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ቃላቱ ተገናኙ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ ደስታ ራሳቸውም በ1962 ዓ.ም. ያወጡት የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን ዝምድናና ልዩነት ለሚፈትሽ ሁሉ ቤት ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው መጻሕፍት ናቸው።

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ከባድ ነገር አለ፤ በሬዲዮ የሚናገር ሰው ሊዘለው አይገባም። የመቁረጥና የማጽዳት ቃላት ለሣር፣ ለእህልና ለዕቃ የተሰጡ ናቸው። ሰው «አረም» ሲባል፣ «ይመንጠር»፣ «ይጠረግ»፣ «ይጽዳ» ሲባል ስሙ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ኤር ቴ ኤል ኤም የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲጠራ ከረመ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በገጀራ ጨፈጨፈ። የሩዋንዳን ጉዳይ የተመለከተው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ ብሏቸዋል። በአገራችንም የእርሻ ቃል ሰው ላይ ሲነገር የሰማንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በቤታችሁም በስልካችሁም እንዲህ ያለ ንግግር ስትሰሙ ተናጋሪውን እዚያው አስቁሙት፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ለምን እንዳስቆማችሁት ንገሯቸው።

አድማጮቻችን፣ ማሽን አጭዶ፣ ወፍጮ ቤት አበጥሮ፣ ሱቅ የተበለተ ዶሮ ሲሸጥ ድካሙ መቅለሉ ደስ ይላል። ሥራው ሲቀር ግን ቃሉም አብሮ ይሄዳል፣ ከቃሉም ጋር ዕውቀቱ። ስለዚህ ይህን እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ አያቶቻቸውን ሄደው እንዲጠይቁ አድርጉ፦ በቀያችሁ ገብስ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ጌሾ ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ምን ይባላል? ሰፌድ ላይ ያለው ሥራ ስንት ስም አለው? መልሱን በደብተር ይጻፉት፣ የቀበሌውንም ስም ይጻፉበት፤ የለጋምቦው ከወግዲው ሊለይ ይችላልና። ስልክ ያላችሁ ወጣቶች የእናቶቻችሁን ድምፅ ቅረጹ። ተራ ቃል ነው ብላችሁ የናቃችሁት ካለ እሱኑ አስቀድሙት።